ፉትስክሬይ የማንም ርስት አልነበረችም

ሰሞኑን በሜልበርን ሐበሾች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ፤ የሚያወራው በምዕራብ ሜልበርን ስላለችው ሰፈር ስለ ፉትስክሬይ ነው። ጸሐፊው በአጭሩ እንዲህ ይላሉ፦ ሰፈሯ እኛ እስክንመጣ ድረስ የነጮች ብቻ ነበረች። ቬትናሞች ከመንግሥት ቤትና ገንዘብ ስለተሰጣቸው ባለ ሕንጻ ሆኑ። እኛ ያለ ማንም ድጋፍ ሞቅ አደረግናት፤ ከዚያ ግን ልጆቻችን በወንጀል ስሟን አጠፉ፣ እኛም እንደ ቬትናሞቹ ባለመተባበራችን ተበተንን። በአሥር ዓመት ውስጥ አንድም የሐበሻ ሱቅ ስለማይቀር ያለው ሰው ከአሁኑ ሽጦ ከከተማው ዳር ወዳለው ወደ ታርኒት ይሂድ።

ጸሐፊው ሰፈሯን እንደሚወዷት ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ቁጭታቸውን እጋራለሁ። የሰጡትን ምክንያት ግን አልቀበልም፤ ምክንያቱ ከተሳሳተ ጎረቤታችንንና የገዛ ልጆቻችንን ያለ ጥፋታቸው ስንወቅስ እንኖራለን። እኔ እንደማየው ሰውን ወደ ፉትስክሬይ ያመጣው ሥራና ርካሽ ቤት ነው። የሚያስወጣውም የመሬት ዋጋ ነው። የአንድ ሕዝብ ጉብዝና ወይም ስንፍና አይደለም። ወደ ነጥቦቹ ልሂድ፤ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

«ከእኛ በፊት የነጮች ብቻ ነበረች»

የማሪቢርኖንግ ወንዝ ዳርቻ የዉሩንጄሪና የቡንዉሩንግ፣ ማለትም የአውስትራሊያ ነባር (አቦሪጂን) ሕዝቦች አገር ነው። አውሮፓውያን በ1830ዎቹ መስፈር ሲጀምሩ ባለቤት ያለው መሬት ላይ ነው የሰፈሩት። ፉትስክሬይ የሚለው ስምም እንግሊዝ አገር ካለ አንድ መንደር የተወሰደ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው የጭስና የላብ ታሪክ ነው። ሜልበርን መሃል ከተማዋ ውስጥ የማትፈልገውን ሥራ ሁሉ ወደ ምዕራብ፣ ወንዙን አሻግራ ገፋችው፦ ቄራውን፣ ቆዳ ፋብሪካውን፣ አጥንት መፍጫውን፣ ሞራ ማቅለጫውን፣ ሳሙናና ሻማ ፋብሪካውን። የከተማዋ የድሮ ሕንጻዎችና የመንገድ ጠርዞች የተሠሩበት ጥቁር ድንጋይ ከዚህ አካባቢም እየተፈለፈለ ይወጣ ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ የጥይት ፋብሪካ ተከፈተ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ደግሞ የኪኒርስ ገመድ ፋብሪካ መጣ። በዚህ ሁሉ ሽታ መሃል ወዶ የሚኖር ባለጸጋ አልነበረም። የሚኖሩት በእግራቸው ፋብሪካ ደርሰው የሚመለሱ፣ ሌላ ቦታ ቤት መከራየት የማይችሉ የእንግሊዝና የአየርላንድ ድሆች ነበሩ። ይህን የማነሳው «ነጮች» ሲባል አንድ ወጥ የሆነ፣ የደላው ሕዝብ እንዳይመስለን ነው።

ነጮች ብቻም አልነበሩም። ከባቡር ጣቢያው በላይ የምንሻገርበት የእግረኛ ድልድይ በዊልያም ኩፐር ስም የተሰየመ ነው። ኩፐር የዮርታ ዮርታ የተባለው የአቦሪጂን ሕዝብ ተወላጅ ሲሆኑ በ1930ዎቹ የኖሩት እዚሁ ፉትስክሬይ ነው። የአቦሪጂኖች ማኅበር መሥርተው በፓርላማ ውክልና እንዲሰጣቸው ለእንግሊዙ ንጉሥ አቤቱታ ጻፉ፤ 1,814 ፊርማም አሰባሰቡ። የአውስትራሊያ መንግሥት አቤቱታውን ለንጉሡ ሳያስተላልፍ ቀረ። በኖቬምበር 1938 በጀርመን የአይሁድ ሱቆችና ምኵራቦች መቃጠላቸው ሲሰማ ደግሞ እኚህ በገዛ አገራቸው መብት የተነፈጉ ሽማግሌ ዲሴምበር 6 ቀን ወገኖቻቸውን አስከትለው መሃል ሜልበርን ወዳለው የጀርመን ቆንስላ ሄዱ፤ የተቃውሞ ደብዳቤ ይዘው። ቆንስላው አልተቀበላቸውም። ጸሐፊው ድልድዩን እንደ እኔው ሁሌ የሚሻገሩት ይመስለኛል። የሰፈሩን ታሪክ ከ1980ዎቹ ሲጀምሩ እኚህን ሰው ከታሪኩ አስወጥተዋቸዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጡት ደግሞ ጣሊያኖች፣ ግሪኮች፣ ማልታዎች፣ ፖላንዶች፣ ዩክሬኖችና ዩጎዝላቮች ናቸው። ዛሬ ልጅ ልጆቻቸውን «ነጭ» ብለን እናልፋለን እንጂ በዚያ ዘመን በምግባቸው፣ በቋንቋቸው፣ በሃይማኖታቸው የሚሰደቡ መጤዎች ነበሩ። እኛ ዛሬ የምንሰማውን ስድብ እነሱ ሰምተውታል። በ1956 ሆፕኪንስ መንገድ ላይ የተከፈተውን የካቫላሮን የጣሊያን ኬክ ቤት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በዚያው ዓመት ከሲሲሊ የመጡት የቤት ዕቃ ነጋዴ ፍራንኮ ኮዞ በእንግሊዝኛ፣ በጣሊያንኛና በግሪክኛ በሚያሠሩት የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የፉትስክሬይን ስም በራሳቸው አነጋገር እየጠሩ አገር ሙሉ አስተዋወቁት። በ2023 ሲያርፉ የምዕራብ ሜልበርን ሰው እንደ ሰፈር አባት ነው የሸኛቸው።

እስያውያንና አፍሪካውያን ለረጅም ጊዜ ያልታዩት በሕግ ተከልክለው ነው። የ1901ዱ የኢሚግሬሽን ሕግ የከፈተው የነጭ አውስትራሊያ ፖሊሲ ሙሉ በሙሉ የተወገደው በ1973 ነው። ይህን ሳያነሱ «ነጮች ብቻ ነበሩ» ማለት አንባቢን ያሳስታል።

«ቬትናሞች ሁሉም ተሰጣቸው፣ እኛ ግን ምንም»

ከጽሑፉ ሁሉ ያሳዘነኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ሳይጎን በ1975 ወደቀች። በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያዋ ትንሽ የስደተኞች ጀልባ ዳርዊን ደረሰች። አብዛኞቹ ግን ከማሌዢያና ከመሳሰሉት አገሮች የስደተኛ ካምፖች በአውሮፕላን የመጡ ናቸው። ሜልበርን ከደረሱት ብዙዎቹ ማሪቢርኖንግ በነበረው ሚድዌይ የስደተኞች ማረፊያ አረፉ። ከዚያ ሲወጡ በቅርብ ያገኙት ርካሽ ኪራይ ፉትስክሬይ ነበር። ሰፈር የመረጠላቸውም ሆነ ሕንጻ ያደላቸው የለም።

ያገኙት ድጋፍ እኛም ያገኘነው ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሱዳን በኩል የመጡት ወገኖቻችን የገቡት አውስትራሊያ ስደተኞችን በምትቀበልበት በዚያው የሰብዓዊ ፕሮግራም ነው። የመንግሥት ድጎማው፣ የመንግሥት ቤት ወረፋው፣ ብዙዎቻችን ጀምረን በሥራ ምክንያት ያቋረጥነው፣ ያኔ 510 ሰዓት የነበረው ነጻ የእንግሊዝኛ ትምህርት፣ ሁሉም ለስደተኛ በጠቅላላ የተዘረጋ ነው። «ለእኛ ምንም» የሚለው አባባል እውነት አይደለም።

እንዴት ገዙ ታዲያ? መልሱ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ቬትናሞች «ሁይ» የሚሉት አላቸው፤ በአሠራሩ ዕቁብ ነው። ባንክ በማያበድራቸው ጊዜ ለሱቅ መነሻ የሚሆን ገንዘብ ያገኙበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ገንዘቡ የወጣው ደግሞ ከምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ ብዙ ቬትናማውያን እናቶች ልብስ ይሰፉ የነበረው እቤታቸው ነው። የተቆረጠ ጨርቅ በትልልቅ ከረጢት ይመጣላቸዋል፤ ጋራዥ ውስጥ ወይም ሳሎን ጥግ በቆመ ማሽን እስከ ሌሊት ይሰፋሉ፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ክር ይቆርጣሉ፣ ኮሌታ ይገለብጣሉ። ክፍያው በሰዓት ሳይሆን በፍሬ ነው፤ ሕጉ ካስቀመጠው ዝቅተኛ ደመወዝ እጅግ ያነሰም ነበር። ይህን ያሳለፈች እናት «ሁሉም ተሰጣት» ስትባል ብትሰማ ምን ይሰማታል?

ዋናው ልዩነት ግን ጊዜ ነው። በ1973 መንግሥት በሁሉም የገቢ ዕቃ ላይ የሚከፈለውን ቀረጥ በአንድ ጊዜ በ25 በመቶ ቀነሰ፤ የጨርቃ ጨርቅና የጫማ ፋብሪካዎች መዳከም ጀመሩ፤ ተከታዮቹ መንግሥታትም ቅነሳውን ቀጠሉበት። በ1975 ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ሃይፖይንት የገበያ ማዕከል ሲከፈት የፉትስክሬይ ገበያተኛ መኪናውን አስነሥቶ ወደዚያ ሄደ። የ1990ዎቹ መጀመሪያ የኢኮኖሚ ድቀት ሲጨመርበት ሱቆቹ ባዶ ቀሩ። ሻጭ እንጂ ገዥ አልነበረም። ቬትናሞች የገዙት ያኔ ነው፤ ሌላው ሰው «ይህ ሰፈር አልቆለታል» እያለ በሚሸሽበት ሰዓት። የእኛ ሰው ቁጥሩ የበዛው ደግሞ ዘግይቶ ነው። በመላው አውስትራሊያ ኢትዮጵያ የተወለደው ሰው በ2006 ቆጠራ 5,600 ገደማ ነበር፤ በ2016 ከ11,000 አለፈ። ዕቁባችን ሱቅ ለመግዛት በሚበቃበት ጊዜ ዋጋው እጥፍ ድርብ ሆኖ ነው የጠበቀን። ወለድ በሃይማኖት ምክንያት የማይወስዱት ሐረሪና ሌሎች ሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ የባንክ ብድሩ በር ራሱ ጠቧቸዋል።

በኒኮልሰንና በባርክሊ መንገድ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሲከፈቱ ቤት ካከራዩን መካከልም ቬትናማውያን ነበሩ። ሌላው ባለ ቤት የሥራ ታሪክና ዋስ ሲጠይቀን ዲፖዚት ተቀብለው ቁልፍ የሰጡን አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ፉትስክሬይ ማርኬት የገባ ሰው እናቶቻችን ቀይ ሽንኩርቱን በጆንያ ሲያስጭኑ፣ ጎመኑን ቅጠል በቅጠል ሲያገላብጡ ያያል። እኔ የምገዛባት ቬትናማዊት አትክልት ሻጭ በዐቢይ ጾም ዋዜማ ምን እንደሚፈለግ ሳትጠየቅ ታውቃለች፤ ሽንኩርትና ቃሪያውን አብዝታ ታስመጣለች። ይህን ዝምድና በቅናት ማበላሸት ለማን ይጠቅማል?

«ወንጀልን ያመጡት ልጆቻችን ናቸው»

ፉትስክሬይ ክፉ ጊዜ አይታለች። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሄሮይን በአደባባይ የሚሸጥባት፣ መርፌ በየጓሮው የሚለቀምባት ሰፈር ነበረች። በ1999 በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት በሄሮይን የሞተው ሰው ከ300 በላይ ነው። ያ ጊዜ ግን ፋብሪካዎቹ ከተዘጉ በኋላ የመጣ ነው፤ የጥይት ፋብሪካው እንኳ በ1990ዎቹ ነው በሩን የዘጋው። ሲገዙና ሲሞቱ የነበሩትም ከየሕዝቡ ነበሩ። ያኔ ጣት የተቀሰረው በቬትናም ልጆች ላይ ነበር። በ2001 ሄሮይን ከአገሩ ገበያ ሲጠፋ ሞቱ በአንድ ጊዜ ቀነሰ፤ የቬትናም ልጆች ግን እዚያው ነበሩ። ችግሩ የዘር ቢሆን ኖሮ አብሮ በቀጠለ ነበር።

ከዚያ ጣቱ ወደ እኛ ዞረ። በጃንዋሪ 2018 በወቅቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ፒተር ደተን የሜልበርን ሰው በአፍሪካ ወጣቶች ምክንያት ማታ ምግብ ቤት መሄድ ፈርቷል ብለው ተናገሩ። በዚያ ሰሞን እራት ሲበላ ያመሸው የፉትስክሬይ ሰው በነገሩ ተገርሟል። ያጠፉ ልጆች አልነበሩም አልልም፤ ፍርድ ቤት የቀረቡ አሉ፣ ወላጆቻቸውም አልቅሰዋል። ነገር ግን የጥቂቶችን ጥፋት ለሰፈር መዳከም ምክንያት አድርጎ በራሳችን ቋንቋ መጻፍ የዚያን ዘመቻ ሥራ ለእነሱ መጨረስ ነው። ሥራ ለማግኘት ማመልከቻ ላይ ስሙን ለመቀየር የተገደደ ልጅ ከእኛ ይህን ሊያነብ አይገባውም።

«ባለመተባበራችን ተበተንን»

ክፍፍል አለብን፤ አልክድም። ማኅበሩም ቤተ ክርስቲያኑም ተከፍሏል፤ አገር ቤት ያለው ጦርነት በመጣ ቁጥር እዚህ ቡና የሚጠጡ ወዳጆች ጠረጴዛ ይለያሉ። ያማል። የሰፈር መልቀቃችን ምክንያት ግን ይህ አይደለም።

የጸሐፊው ክርክር ትክክል ቢሆን ኖሮ ተባበሩ የሚሏቸው ቬትናሞች ባልለቀቁ ነበር። ልጆቻቸው የት ነው ያሉት? ሴንት ኦልባንስ፣ ዲር ፓርክ፣ ኬርንሊ። ከእነሱ በፊት ጣሊያኖቹ ወደ ኪለርና አቮንዴል ሃይትስ ሄደዋል። አንዱ ግቢ ያለው ቤት ፈልጎ፣ ሌላው ኪራይ ከብዶት። በመተባበርም ባለመተባበርም ሁሉም ሄዷል።

የእኛ የሚለየው ብዙዎቻችን ሳንገዛ መሄዳችን ነው። የጣሊያኑ ልጅ ሲሄድ የአባቱን ቤት ሸጦ ወይም አከራይቶ ነው። እኛ ግን የኪራይ ጭማሪ ደብዳቤ ደርሶን ነው። ፋብሪካዎቹ የነበሩበትን መሬት ይመልከቱ፦ የጥይት ፋብሪካው ግቢ ዛሬ ኤጅዋተር የሚባል የወንዝ ዳር መኖሪያ ሆኗል፤ ከጣቢያው ወደ ወንዙ ሲወርዱ ያለው የጆሴፍ መንገድ አካባቢ ፎቅ በፎቅ ነው። 1.5 ቢሊዮን ዶላር የተመደበለት አዲሱ ሆስፒታልም የአካባቢውን መሬት ተፈላጊ አድርጎታል። ከመሃል ከተማ ስድስት ኪሎ ሜትር እንኳ የማይርቅ ሰፈር ሽታው ከጠፋ በኋላ ርካሽ ሆኖ ሊቀጥል አይችልም ነበር።

የመንግሥት ቤቱም እንደዚሁ ነው። ፍሌሚንግተንና ኖርዝ ሜልበርን ያሉት የመንግሥት ረጃጅም ሕንጻዎች፣ እኛ ፎቆች የምንላቸው፣ ለእኛና ለሶማሌዎች፣ ለኤርትራውያን፣ ለሱዳናውያን የመጀመሪያ ቤት ነበሩ። በጁላይ 2020 በወረርሽኙ ጊዜ ዘጠኙ ፎቆች ያለ ማስጠንቀቂያ ሲዘጉና 3,000 ያህል ሰው በፖሊስ ተከብቦ ሲውል ምግብ ይዘው በር ላይ የቆሙት የየሕዝቡ ወጣቶች ናቸው። «አንተባበርም» የሚለውን ሳነብ ያን ቀን አስታወስኩ። በ2023 ደግሞ መንግሥት በሜልበርን ያሉትን 44 ፎቆች በሙሉ እስከ 2051 አፍርሶ እንደሚሠራ አስታወቀ። ከእነዚህ ፎቆች የሚወጣ ቤተሰብ ፉትስክሬይ ውስጥ በገበያ ዋጋ መከራየት አይችልም። ወደ ታርኒት፣ ወደ ሜልተን የሚሄደውም ለዚህ ነው።

«በአሥር ዓመት አንድም ሱቅ አይቀርም፤ ሽጣችሁ ሂዱ»

ትንቢቱ ነዋሪንና ገበያን ያምታታል። ካቫላሮ ኬክ መሸጡን የቀጠለው አብዛኞቹ ጣሊያኖች ሰፈሩን ከለቀቁ በኋላ ነው። ታርኒት ጣቢያ በ2015 ሲከፈት በዚያ መስመር የሚመጣው የጂሎንግ ባቡር ፉትስክሬይ ይቆማል። ታርኒት የገባው ሰው በርበሬውን፣ ቡናውን፣ እንጀራውን ሊገዛ፣ ለቅሶና ሠርግ ሲኖር ምግብ ሊያዝ ተመልሶ የሚመጣው ወደዚሁ ነው። ሱቁ ሊቆይ ይችላል። የሚያስጨንቀው ሌላ ነው፦ «ሽጡ» የተባለው ሰው አብዛኛው የሚሸጠው ሕንጻ የለውም፤ ያለው የሱቅ ውል ነው። ምክር ከተሰጠ መሰጠት ያለበት ስለ እሱ ነበር።

በቪክቶሪያ የ2003ቱ የችርቻሮ ሱቅ ኪራይ ሕግ ለተከራይ ቢያንስ አምስት ዓመት ይሰጣል። አከራይ ውል ከመፈረሙ በፊት ወጪዎቹን ሁሉ የሚዘረዝር መግለጫ በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት። የመሬት ግብሩን ከተከራይ መቀበል አይችልም፤ ይህን ሳያውቁ ከሌላ ወጪ ጋር ተደምሮ ሲከፍሉ የኖሩ የእኛ ነጋዴዎች ገጥመውኛል፤ አንዷ ደረሰኞቹን በፌስታል ይዛ መጥታ አብረን ስናያቸው «ላንድ ታክስ» የሚለው መስመር በየዓመቱ አለ። ጠብ ከተነሣ ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት የአነስተኛ ንግድ ኮሚሽኑ ያሸማግላል። ብዙ ሱቅ የሚጠፋው ግን በጠብ ሳይሆን በቀን ነው። ውሉ ላይ «ለሌላ አምስት ዓመት የማራዘም መብት» ተብሎ ተጽፎ እያለ፣ ተከራዩ ከተወሰነው ቀን በፊት በጽሑፍ ስላላሳወቀ መብቱ ይቃጠላል፤ አከራዩም በአዲስ ዋጋ ለአዲስ ሰው ይሰጠዋል። ኒኮልሰን መንገድ ላይ ሱቅ ያላችሁ ሁሉ ውላችሁን አውጡና ይህን ቀን ፈልጉ፤ እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ፤ ማሳወቂያውንም በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ላኩ፣ ቅጂውንም አስቀምጡ።